ከግርጌ የጀመረው ማሳሰቢያ

ታላቁ ጦርነት ባበቃበት ዓመት፣ ሊያበቃ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ ዛፎች ቅጠላቸውን ማራገፍ በጀመሩበት ወር፣ ዕለቱ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፤ ወንዙን ተንተርሳ የተኛችው ከተማ ገና ጭጋጓን ከላይዋ ሳትገፍ፣ አንዲት ሴት የቆዳ ኮሮጆዋን በትከሻዋ አንግታ በጤና ቢሮው ደጃፍ ቆማ ነበር። በሩ ላይ «በሁለት ሰዓት ይከፈታል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ጸሐፊው ግን ከሁለት ሰዓት ከሩብ በፊት ደርሶ አያውቅም። ጽሑፉን ማንበብ የማትችለው እሷ በሰዓቷ ትመጣለች፤ የጻፈው እሱ ይዘገያል። ዓለም እንዲህ ናት።

ሰው ሁሉ እመት ኮሮጆ ይላታል። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም እንደነበራት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የጤና ቢሮውን ደብዳቤ ለከተማይቱ ሐኪሞች ማድረስ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆናት ስሟን ኮሮጆው በልቶታል። ፊደል አልቆጠረችም፤ በዚህም አፍራ አታውቅም። «የሚያነቡትንማ በየቀኑ አያቸው የለ!» ትላለች፤ «አንብበው ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ እኔን ጠይቁኝ።»

አንድ የራሷ ሕግ ነበራት፤ ያልተነበበላት ወረቀት ኮሮጆዋ ውስጥ አይገባም። ሕጉን ያወጣው ከብዙ ዓመት በፊት ድልድዩ ላይ ያገኛት ዶፍ ነው። በዚያን ቀን ዝናቡ ቀለሙን አጥቦ ወረቀቱን ባዶ ቢያስቀርባትም፣ ጸሐፊው ጮክ ብሎ ሲያነብ የሰማችውን አንድ ቃል ሳታጎድል ለሐኪሞቹ በአፏ አድርሳለች። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊ ቢለዋወጥ፣ ሹም ቢሻር፣ ሕጉ ጸንቶ ኖረ።

የከተማይቱንም ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የሚከተለው ሁሉ ቀልድ ይመስላል። ከጤና ቢሮው የሚወጣ ማሳሰቢያ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ማኅተሙም አንድ ነው፤ ግልባጭ መቀበል ለሐኪም ክብር አይመጥንም ተብሎ ነበርና። ወረቀቱ መጀመሪያ ለሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ይቀርባል፤ እሳቸው አንብበው፣ ሰዓቱን ጽፈው፣ ከላይኛው መስመር ላይ ሲፈርሙ ወደ ባቡር ጣቢያው ሐኪም ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ወጣቱ ሐኪም፤ ከዚያ ወደ መድኃኒት ቀማሚው፤ በመጨረሻም፣ ሰው ሁሉ ሲጨርስ፣ ከግርጌው ወደ አዋላጇ። የበላዩ ያልፈረመበትን የበታቹ አይነካውም። እያንዳንዱም ሦስት አራት ቀን ያሳድረዋል፤ ስለ በጋ ተቅማጥ የተጻፈው ማሳሰቢያ አዋላጇ ቤት የደረሰው ሰው ምድጃ ታቅፎ በሚቀመጥበት ወር ነበር። በዚህ ማንም አልተገረመም፤ አምስት የተማሩ ሰዎች ተገቢውን ክብር እስካገኙ ድረስ፣ ተቅማጡ ምን አግብቶት!

ጸሐፊው ቁልፉን በየኪሱ እየፈለገ ደረሰ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ዛሬስ ብርቱ ነገር አለ። ሹሙ ራሳቸው በእጃቸው የጻፉት ነው።»

«ምን መጣ?»

«ኢንፍሉዌንዛ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጉንፋን ነው።»

«ለጉንፋን ነው እንዲህ ደምህ የሸሸው? አንተ ልጅ፣ እናትህ ማር በሙቅ ውሃ አታውቅም?»

«ይኼኛው ሌላ ነው እትዬ። በወደቡ ከተማ፣ ጠዋት በእግሩ ሥራ የገባው በቃሬዛ ይወጣል አሉ። ሽማግሌውን አልፎ ጉልበታሙን ነው የሚይዘው። ዓርብ ቀትር ደግሞ ከጦር ግንባር የሚመለሱትን ወታደሮች የጫነው ባቡር ከዚያው ተነሥቶ እኛ ዘንድ ይገባል።»

እመት ኮሮጆ ወንበር ሳትጋበዝ ተቀመጠች። በዚያ ባቡር ከሚመጡት አንዱ የልጇ ባል ነበረ።

«አንብብ፤» አለችው፤ «ቀስ ብለህ።»

ጸሐፊው አነበበ፤ እሷም እንደ ልማዷ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ቃሉን በላያቸው አኖረች። በአውራ ጣቷ፦ የሚያስል ከማያስለው ይለይ፤ በተለየ ቤት ይተኛ። በሌባ ጣቷ፦ የበሽተኛ ቤት መስኮት ተከፍቶ ይዋል። በመሃለኛው፦ ሐኪምና አስታማሚ አፍና አፍንጫቸውን በአራት እጥፍ ፋሻ ይሸፍኑ፤ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሲሻገሩ እጃቸውን ይታጠቡ። በቀለበት ጣቷ፦ ትኩሳት የለቀቀው ሰው ቶሎ አይነሣ፤ በሽታው ተመልሶ ይጥለዋልና። ጸሐፊው ወደ አምስተኛው ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ያውቅ ነበርና።

«ነፍሰ ጡር ሴት፣ አስታማሚም ብትሆን፣ ከሚያስል ሰው አጠገብ ከቶ አትድረስ፤ በሽታው በእርጉዝ ላይ ይጨክናል።»

ትንሿ ጣት ሳትታጠፍ ቆየች። የእመት ኮሮጆ አንዲት ልጅ የሆስፒታሉ አስታማሚ ናት፤ ስምንት ወሯ ነው፤ ዓርብ ዕለት ወታደሮቹን ከባቡር ለመቀበል ስማቸው ከተጻፈው ስምንት አስታማሚዎች አንዷ ናት።

«ሌላስ አለው?»

«አንድ አለ። ሐኪሞች ሁሉ ስንት ሰው እንዳሳለባቸው በየዕለቱ ለዚህ ቢሮ ያስታውቁ፤ ቢሮውም ለሁሉም መልሶ ይናገራል፤ አንዱ የሚያየውን ሌላው እንዲያውቅ።»

«ይኼ መዳፍ ነው፤» አለች፤ ጣቶቿንም በላዩ ላይ ጨብጣ ተነሣች።

ዋናውን ሐኪም በቢሯቸው መስተዋት ፊት ቆመው አገኘቻቸው። ሆስፒታሉ አዲስ ክፍል አሠርቷል፤ አርባ አልጋ፣ ሃያ መስኮት፤ በበሩ ላይ ቀይ ጥብጣብ ተወጥሮበታል፤ በሚመጣው ሳምንት መኳንንቱ በተገኙበት ይመረቃል፤ እስከዚያው ቁልፉ በዋናው ሐኪም ኪስ ነው። ዋናው ሐኪም የምረቃውን ንግግር ከሰባት ቀን ጀምሮ ሲጽፉትና ሲያርሙት ሰንብተዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቀዶ ሕክምናቸው የተመሰከረለት፣ ለድሃ በሽተኛ የማይቆጡ ሰው ነበሩ፤ ችግራቸው ራሳቸውን ሲናገሩ መስማት መውደዳቸው ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ወንድ ያለበት በሽታ ነው።

«ጌታዬ፣ ማሳሰቢያ ይዤ ነበር። የሚያስቸኩል ነው።»

«ሁሉም ማሳሰቢያ ያስቸኩላል እመት። እዚያ አኑሪው፤ ሐሙስ አየዋለሁ።»

«ዓርብ ባቡሩ ይገባል እኮ።»

«እንግዲያው ሐሙስ ከዓርብ ይቀድማል፤» አሉና በመልሳቸው ተደስተው ወደ መስተዋቱ ዞሩ።

ልጇን በሆስፒታሉ ጓሮ አንሶላ ስታጥፍ አገኘቻት። ሆዷ ቀድሟት ይሄዳል፤ አንሶላውን በሆዷና በአገጭዋ መሃል ይዛ ታጥፈዋለች።

«ዓርብ ጣቢያ አትሄጂም፤» አለቻት ሰላምታ እንኳን ሳትሰጣት።

«እማዬ፣ ደህና አደርሽ ማለት ምን ይጎድልሻል?»

«ደህና አደርሽ። ዓርብ ጣቢያ አትሄጂም።» ጣቶቿን እየቆጠረች ነገረቻት።

ልጅቱ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመች። «የአስታማሚዎች አለቃ ያለ ሐኪም ቃል ስሜን አትፍቅም። ደሞስ እማዬ፣ ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ያላየሁት ባሌ ከባቡር ሲወርድ እኔ አንሶላ ሳጥፍ ልገኝ? ከስምንት ወር በፊት ለሦስት ቀን ብቅ ብሎ...» አለችና ወደ ሆዷ አየች።

«ባይሆን ሁለት ዓመት አትበያ! ሦስቱ ቀን ካልተቆጠረ ይኼ ሆድ ከየት መጣ?»

«ሦስት ቀን ምን አላት እማዬ!»

«ለሥራውማ በቅታለች።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ነገር ግን ልጅቱ የእናቷን ግትርነት ወርሳለችና «ሐኪም በአፉ ካልነገረኝ እሄዳለሁ» ብላ አንሶላዋን ማጠፍ ቀጠለች።

ረቡዕ ዕለት የጤና ሹሙ በሽታውን በዓይናቸው ለማየት ወደ ወደቡ ከተማ ሄዱ። ሐሙስ ጠዋት እመት ኮሮጆ ማሳሰቢያውን ልትቀበል ዋናው ሐኪም ዘንድ ቀረበች። ወረቀቱን ሰጧት፤ ላይኛው መስመር ባዶ ነበር፤ ዳርና ዳሩ ግን በቀይ ቀለም ተሞልቷል።

«ለሹሙ መልሺው። ቋንቋው ያልታረመ ነው፤ ደግሞም ለሐኪም ‹ይሸፍኑ፣ ይታጠቡ› ተብሎ አይታዘዝም፤ ‹ቢሸፍኑ መልካም ነው› ይባላል። ታርሞ ሲመጣ እፈርማለሁ።»

ወረቀቱን ይዛ ወደ ጸሐፊው ሮጠች፤ በዚያ ዕድሜዋ ሮጠች ስንል መሮጧ ነው። ጸሐፊው ቀዩን ቀለም አይቶ ራሱን ያዘ። «ማኅተም ያረፈበትን እኔ ማረም አልችልም፤ ሹሙ የሉም፤ የሚመለሱት ቅዳሜ ነው።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ሕጉ...»

«አንተና ሕግህ እዚሁ ተቀመጡ፤ እኔ ሥራ አለኝ፤» አለችና ወረቀቱን ኮሮጆዋ ውስጥ ከተተች። ከበሩ ወጥታ ለትንሽ ጊዜ ቆመች። ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ ታች የሚወስደው ወደ ወንዙ ሠፈር ነው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከታች ጀምራ አታውቅም። ይህን ብታደርግ ኮሮጆውን እንደሚነጥቋት፣ ከኮሮጆውም ጋር ስሟን እንደሚወስዱባት ታውቃለች። ትንሿን ጣቷን አየቻት፤ ከዚያ ወደ ታች ወረደች።

አዋላጇ እጅጌዋን ሰብስባ ደጇ ላይ መቀስ ስትቀቅል ነበር። ማሳሰቢያ በተጻፈ በሦስተኛው ቀን፣ ቀለሙ ገና ሳይደበዝዝ፣ ወደ ደጇ ሲመጣ አይታ አታውቅም።

«ምነው፣ ሐኪሞቹ አለቁ እንዴ?»

«አላለቁም፤ እንዳያልቁ ነው። አንብቢው።»

አዋላጇ አነበበች፤ መቀሱን ውሃው ውስጥ ትታ ሻሿን አሰረች። «በዚህ ሠፈር አሥራ አራት ነፍሰ ጡር አለች፤ ስድስቱ ባሎቻቸው በዚያ ባቡር ላይ ናቸው። አሁኑኑ ነው የምዞረው። ግን የት ልፈርም? ከላዬ ያለው ሁሉ ባዶ ነው።»

«ቦታሽ ላይ፤ ከግርጌው። ሃያ ዓመት ሙሉ ትርፍራፊ ሲሰጡሽ ኖረው ዛሬ ብትቀድሚያቸው ወረቀቱ አይቆጣሽም።»

አዋላጇ «ሐሙስ፣ አምስት ሰዓት» ብላ ጻፈች፤ ፊርማዋም ከወትሮው ሰፋ ብሎ ወጣ።

መድኃኒት ቀማሚው የብልቃጦቹ ጽሑፍ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ካልተደረደረ የማይተኛ ሰው ነው። ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ ሸክላ እንደ ሰበረ ሰው ደነገጠ።

«እመት! አዋላጇ ከእኔ በፊት ፈርማለች!»

«አዎን፤ ማንበብ ስለምትችል።»

«ይህ የሥርዓት መፍረስ ነው። እኔ ከላዬ ሦስት ባዶ መስመር እያለ ስሜን አላኖርም።»

«ወንድሜ፣ ፋሻ ስንት ጥቅል አለህ?»

«ሰባት መቶ አርባ ሁለት፤» አለ ሳያስብ፤ ይህንንስ አለማወቅ አይችልም።

«ነገ ቀትር ላይ የከተማው ሐኪምና አስታማሚ ሁሉ በአራት እጥፍ ሊጠይቅህ ነው። አሁን ካላነበብክ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደጅህ ላይ ይጋፋል፤ ብልቃጦችህን በክርናቸው ሲያወርዷቸው አይታይህም?»

መድኃኒት ቀማሚው ብልቃጦቹን አየ። አነበበ። ፋሻ ሊቆርጥ መቀሱን አነሣ። ነገር ግን ከመፈረሙ በፊት ሐምራዊ ቀለም ያለበትን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ «ቅደም ተከተሉን ያፈረሰው ማን እንደሆነ ይታወቅልኝ፤» አለ፤ «አውራ ጣትሽን ከግርጌው ግርጌ አድርጊበት።»

«በሁለት እጄ!» አለች፤ አውራ ጣቷንም ሐምራዊ እስኪሆን ነክራ ከሁሉ በታች ተጫነችበት። በሕይወቷ የፈረመችው ይህን ብቻ ነው።

ወጣቱ ሐኪም በሆስፒታሉ ኮሪደር እየሮጠ ነበር፤ ከተመረቀ ጀምሮ መራመዱን ያየ የለም። ቆሞ ያነበበው ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ነው።

«ዛሬ ጠዋት ሁለት የጣቢያ ሠራተኞች በትኩሳት ተኝተውብኛል። ከወታደሮቹ ጋር በአንድ አዳራሽ ልደባልቃቸው ነበር! ለምን ይኼ ማክሰኞ አልደረሰኝም?»

«ማክሰኞማ ቋንቋ ይታረም ነበር፤ የኔ ልጅ።»

ልጁ ፈረመ፤ ሰዓቱንም ስምንት ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ወደ አስታማሚዎች አለቃ ሄዶ የነፍሰ ጡሯን ስም ሠረዘ። እመት ኮሮጆ በኮሪደሩ ጫፍ ሆና አየችው፤ ትንሿን ጣቷንም አጠፈቻት። ወዲያው ግን ወጣቱ ሐኪም እየሮጠ ተመለሰ።

«እመት፣ ቦታ የለኝም። የሚያስሉትን ለብቻ የማስተኛበት ቦታ የለኝም። አዲሱ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ተቆልፏል።»

«ቁልፉማ የት እንዳለ አውቃለሁ።» አለች፤ የመንገዱ ዙር ወዴት እንደሚያመጣት ያን ጊዜ ገባት።

የጣቢያው ሐኪም ባለ ወፍራም መነጽር ሽማግሌ ነው፤ ቢሮው በባቡር መነሻው ዳር፣ በሰዓቱ ሥር ነው። ማሳሰቢያውን አፍንጫው ላይ አድርጎ አነበበ፤ የቀዩን ቀለም እርማትም አንድ በአንድ ተመለከተ።

«‹ቢሸፍኑ መልካም ነው› የሚለው የማን ነው?»

«የዋናው።»

«መልካምማ ነው። መሞትም ለቀባሪ መልካም ነው።» ፈረመ። «እንግዲህ ባቡሩን በሁለት በር አወርደዋለሁ፤ የሚያስል በግራ፣ የማያስል በቀኝ። ሚስትና እናት ሁሉ ከአጥሩ ወዲያ። ይጮሁብኛል?»

«በጣም እንጂ።»

«እኔ እንደሆነ በግራ ጆሮዬ አልሰማም፤ በግራው በር፣ ያንን ጆሮዬን ወደ አጥሩ አዙሬ እቆማለሁ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል እመት ኮሮጆ የዋናውን ሐኪም በር አንኳኳች። ወረቀቱን ሲያዩ ሹሙ አርመው የላኩት መስሏቸው ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ከግርጌ ወደ ላይ አራት ፊርማ አዩ፤ ሰዓቱንም አነበቡ፤ ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ወረደ።

«ይህን ማን አደረገ?»

«እኔ።»

«አንቺ? ፊደል የማትለዪ ሴት የሐኪሞችን ቅደም ተከተል ትገለብጪያለሽ? በውስጡ ያለውን እንኳ ሳታውቂ?»

እመት ኮሮጆ ኮሮጆዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች፤ በንግግራቸው ወረቀት ላይ መሆኑ ነው። ከዚያ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ከአውራ ጣቷ ጀምራ እስከ ትንሿ፣ ከትንሿም እስከ መዳፏ ያለውን አንድ ቃል ሳታዛንፍ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ቃላቱን አርመዋል፤ ቀዩን አይቼዋለሁ። የሚሉትን ነገር ግን ሰምተውታል?»

ዋናው ሐኪም ወረቀቱን እንደገና አነሡ። በዚህኛው ጊዜ ብዕር አልያዙም። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«አስታማሚዋ ልጅሽ አይደለችም?»

«ልጄ ናት።»

«ማክሰኞ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የመጣሁት ስለ ልጄ አልነበረማ፤ ማሳሰቢያ ይዤ ነው። እሱ ከተነበበ የሁሉም ልጅ ውስጡ አለች።» ከዚያም ድምጿን ለዘብ አድርጋ ጨመረች፦ «ነገ በጣቢያው ሐኪሞቹ ሁሉ አፋቸውን ሸፍነው ይቆማሉ፤ መድኃኒት ቀማሚው እስካሁን ፋሻ እየቆረጠ ነው። እርስዎ ብቻ አፍዎን ገልጠው ቢመጡ ሰው ‹ወሬው ለእሳቸው አልደረሳቸውም እንዴ?› ይላል። ይህ ለክብርዎ አይመጥንም።»

ዋናው ሐኪም ብዕራቸውን አነሡ። ከላይኛው መስመር ላይ «ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት» ብለው ፈረሙ፤ እጃቸውንም ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ተነሥተው በግቢው ሲሻገሩ እመት ኮሮጆ ከኋላቸው ተከተለች። ቀዩን ጥብጣብ በኪሳቸው ባለ የፋሻ መቀስ ቆረጡት፤ በሩን ከፈቱት። ወጣቱ ሐኪምና ዘጠኝ አስታማሚዎች ከበሩ ፊት ቆመው ነበር። ዘጠኝ ቀን የተደከመበት ንግግር «ግቡ፤ መስኮቱን ክፈቱ» ተብሎ ተደረገ፤ በሕይወት ዘመናቸው ካደረጉት ሁሉ የሚበልጥ ንግግር ነበር።

ለእመት ኮሮጆ ግን ሳይዞሩ «ሰኞ ጠዋት ኮሮጆሽን ይዘሽ ቢሮዬ ትመጫለሽ፤» አሏት። ምን ማለት እንደሆነ ገባት።

ዓርብ ቀትር ባቡሩ ገባ። ከሦስት መቶ ወታደር ሠላሳ ስምንቱ በግራው በር ወረዱ። ሚስቶች ከአጥሩ ወዲያ ጮኹ፤ ሽማግሌው ሐኪም በደንቆሮ ጆሮው በኩል አዳመጣቸው። አፉን በነጭ ፋሻ የሸፈነ ሁሉ አንድ መስሎ ነበር፤ ዋናው ሐኪም ብቻ በቁመናቸው ይታወቁ ነበር። ቃሬዛ ሲጎድል አንዱን ወታደር በራሳቸው ጀርባ አዝለው ተሻገሩ።

የልጇ ባል በግራ በኩል ነበር የወረደው። እያሳለ፣ እየሳቀ፣ «አማቴ የት አሉ? ከአማቴማ ይህ በሽታ ይሻላል!» እያለ። አዲሱ ክፍል ውስጥ በሦስተኛው መስኮት አጠገብ አስተኙት። ልጅቱ ይህን ስትሰማ በአስታማሚዎቹ ቤት ሆና እሪ አለች፤ ጫማዋን አድርጋ ተነሣች።

«ቁጭ በይ፤» አለች እናቷ በሩ ላይ ቆማ።

«ባሌ ነው እማዬ!»

«ባልሽ አልጋ አለው፤ መስኮት አለው፤ ሐኪም አለው። የሆድሽ ልጅ ያለው አንቺን ብቻ ነው። ቁጭ በይ ብያለሁ።»

ሰባት ቀን ከበሩ አላስወጣቻትም። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ባሏን ለቀቀው፤ ሊነሣ ሲል ወጣቱ ሐኪም የቀለበት ጣቱን እያሳየ መልሶ አስተኛው፤ በዚያ ሆስፒታል ያን ጊዜ ሁሉም በጣት መነጋገር ለምዶ ነበርና። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አዋላጇ ልጅቱን አንዲት ሴት ልጅ አዋለደቻት። አባቷ ያያት በመስኮቱ መስተዋት ውስጥ ነው፤ እመት ኮሮጆ ከውጭ ሆና ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ያዘችለት።

«ማንን ትመስላለች?» ብሎ ጮኸ ከውስጥ።

«እኔን!»

«ወይኔ ልጄን!» አለ፤ እስኪያስለው ሳቀ፤ ሁለት አስታማሚዎች መጥተው ተቆጡት።

ያቺ ሰኞ ግን ከልደቱ በፊት መጥታ ነበር። እመት ኮሮጆ ቆዳውን በዘይት ወልውላ፣ ማንጠልጠያውን ሰፍታ፣ ኮሮጆውን በዋናው ሐኪም ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ሰው የተከበረ ዕቃ ሲመልስ ንጹሕ አድርጎ ይመልሳል። ዋናው ሐኪም ከሦስት ቀን የሆስፒታል ውሎ በኋላ ጺማቸው አድጎ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ኮሮጆውን ከፈቱ፤ ከመሳቢያቸውም አምስት ወረቀት አውጥተው አንድ በአንድ ከተቱበት።

«ምንድን ናቸው ጌታዬ?»

«የትናንቱ ቁጥር። ማን ስንት ሰው እንዳሳለበት፤ ምን እንደረዳ፣ ምን እንዳልረዳ። አምስት ግልባጭ በእጄ ጽፌአለሁ፤ አራት ለባልደረቦቼ፣ አንድ ለጤና ቢሮው። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ነው። ከፈለግሽበት ጀምሪ።»

«ማኅተሙስ?»

«ማኅተሙ ሲመጣ ይደርሳል።» ትንሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቋንቋውን ግን አርሜዋለሁ።»

«ያንብቡልኛ።» አለችና ወንበር ሳትጋበዝ ተቀመጠች። ዋናው ሐኪም ቆመው አነበቡላት፤ እውነቱን ለመናገር፣ ንባብስ ያውቁበት ነበር።

በሽታው በከተማይቱ እስከ ክረምቱ አጋማሽ ቆየ፤ ስልሳ አንድ ሰው ወሰደ። ከእነዚያ አንዱ በግራ በር ላይ የቆመው ሽማግሌ የጣቢያው ሐኪም ነበር፤ መነጽሩን አጣጥፈው በደረት ኪሱ ከተው ቀበሩት። በወንዙ ማዶ ባለችው ከተማ ማሳሰቢያው በደረጃ ሲዘዋወር በሽታው ቀድሞት ገባ፤ በዚያ የሞተውን የቆጠረ የለም፤ ቆጣሪዎቹም ታመው ነበርና።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ሆስፒታሉ መጽሐፍ ተጻፈ። አዲሱ ክፍል በዋናው ሐኪም አርቆ አሳቢነት በጊዜው ተከፈተ ይላል፤ ይህም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ቁልፉ በኪሳቸው ነበር። ስለ እመት ኮሮጆ አንድ መስመር የለበትም። ታሪክ የሞቱትን ይቆጥራል፤ ያልሞቱትን ከየት አምጥቶ ይቁጠር? በወንዙ ሠፈር አሥራ አራት ነፍሰ ጡሮች አሥራ አራት ልጅ ወለዱ፤ ይህ በየቤቱ ጩኸትና የጨርቅ ክምር ሆኖ ቀረ እንጂ በመጽሐፍ አልገባም።

ማሳሰቢያው ራሱ ግን በጤና ቢሮው መዝገብ ቤት አለ። አንድ የተማረ መዝገብ አደራጅ አግኝቶት ትንሽ ወረቀት አያይዞበታል፤ በላዩም እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «በጸሐፊ ስሕተት ከታች ወደ ላይ የተፈረመ። ግርጌው ላይ ሐምራዊ እድፍ አለበት።»

እድፉን አጉልቶ ቢያየው ኖሮ የጣት መስመሮች ባገኘበት ነበር።